ከዋና ከተሞች ስም በፊት፦ ለአራት ዓመት ልጅ ጂኦግራፊን በቤት ማስተማር

ጥያቄ፦ አንዲት የደሴ እናት እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል። «ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቁ ነው። የዓለም ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅዬለት የሠላሳ አገሮችን ዋና ከተማ በቃሉ ይጠራል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም ሁሉም ይደነቁበታል። ባለፈው ሳምንት ግን ‹ኮምቦልቻ የት ነው?› ብዬ ብጠይቀው ‹ደሴ ውስጥ› አለኝ። የቦርከና ወንዝ ወዴት እንደሚሄድ ስጠይቀውም ‹ወደ ላይ› ብሎ መለሰልኝ። ወደ ኋላ ቀርቶብኝ ይሆን ብዬ ሰግቻለሁ። ሉል ልግዛለት ወይስ በስልክ ቪዲዮ ላሳየው? በቀንስ ምን ያህል ላስጠናው? ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት እኅቱ አብራው ብትማር ይሻላል?»

ምላሽ፦ ልጅዎ ወደ ኋላ አልቀረም። ኮምቦልቻ ደሴ ውስጥ ነው ማለቱ በዕድሜው የሚጠበቅ ስሕተት ነው። ከተማ በዞን፣ ዞን በክልል፣ ክልል በአገር ውስጥ ይገኛል የሚለው ነገር ለእኛ ቀላል የሚመስለን ስለለመድነው ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ከአንዲት ባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጥናት ትንንሽ የጄኔቫ ልጆች አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ጄኔቫዊም ስዊዘርላንዳዊም ሊሆን አይችልም ይሉ እንደነበር አሳይቷል። ይህን ግንኙነት አብዛኞቹ ልጆች የሚጨብጡት ሰባትና ስምንት ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ስለዚህ «ደሴ ወሎ ውስጥ፣ ወሎ ኢትዮጵያ ውስጥ» እያሉ ደጋግመው ቢያስጠኑት በቃሉ ይይዘዋል እንጂ አይገባውም።

በሌላ በኩል፣ ሠላሳ ዋና ከተሞችን መጥራቱ የማስታወስ ችሎታው መልካም መሆኑን ያሳያል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አያሳይም። ለእርሱ የአገሩ ስም «እንቆቅልሽ» እንደማለት፣ የከተማው ስም ደግሞ «ምን አውቅልህ» እንደማለት ያለ የቅብብል ጨዋታ ነው። ጨዋታው ጉዳት የለውም፤ መከልከልም አያስፈልግም። ጉዳቱ የሚመጣው ወላጆች ይህን ጂኦግራፊ ነው ብለው ሲያምኑና ለዋናው ሥራ የሚሆነውን ጊዜ ሲወስድባቸው ነው። ቦርከና ወደ ላይ ይሄዳል ያለውም ሌላ ምክንያት ኖሮት አይደለም፤ ውኃ ቁልቁል ሲወርድ ቆሞ አላየም፣ እጁንም አላስነካም ማለት ነው። የግድግዳው ካርታም አላገዘውም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ ሰሜንን «ላይ»፣ ደቡብን «ታች» ያደርጋል፤ የደሴ ልጅ ደግሞ «ላይ» ሲባል የሚያስበው የጦሳን ተራራ ነው፤ ጦሳም ያለው በስተ ምዕራብ ነው።

በዚህ ዕድሜ ጂኦግራፊ ማለት እኔ የት ነኝ፣ ያ ነገር ከእኔ በየት በኩል ነው፣ ከዚህ ወደዚያ እንዴት ይኬዳል፣ ይህ ቦታስ ከዚያኛው በምን ይለያል ብሎ መጠየቅ ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች ልጁ መጀመሪያ ቃል ያስፈልገዋል፤ ቋንቋችንም በዚህ ረገድ ባለጠጋ ነው። ዳገት፣ ቁልቁለት፣ አፋፍ፣ ግርጌ፣ ማዶ፣ ሸንተረር፣ ሸለቆ፣ ገደል፣ መስክ፣ አምባ የሚሉትን ቃላት በእግሩ እየረገጠ ይማራቸው። ዳገት ስትወጡ ቆም ብለው «ትንፋሽህን ስማው፤ ዳገት እየወጣን ስለሆነ ነው» ይበሉት፤ ስትወርዱም ጉልበቱ ምን እንደተሰማው ይጠይቁት። ማዶ ያለውን ቤት በጣቱ እያሳየ እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ መውረድ፣ ከዚያ መውጣት እንደሚያስፈልግ እርሱ ራሱ ይናገር። አምባ የሚለውን ቃል ሲያስተምሩት አምባሰልን ያንሱለት። አምባሰልና ባቲ የዘፈን ቅኝቶቻችንም ስሞች ስለሆኑ፣ በቤታችሁ ዘፈን የሚሰማ ከሆነ የቦታው ስም በጆሮው በኩልም ይገባለታል። በደሴና በኮምቦልቻ ከመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት የታዘብኩት፣ ለሰፈራቸው መልክ ቃል ያላቸው ልጆች በኋላ ካርታ ሲቀርብላቸው የማይደናገጡ መሆናቸውን ነው።

ከእግር ጉዞው ቀጥሎ የሚመጣው አምሳያ መሥራት ነው። በአንድ ሰፊ ትሪ ላይ ቤታችሁን ሥሩ፤ የክብሪት ቀፎው አልጋ፣ ቆርኪው ምድጃ፣ ጠፍጣፋ ድንጋዩ ጠረጴዛ ይሁን። ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ የትሪው በር ከእውነተኛው በር ጋር በአንድ አቅጣጫ እንዲውል አዙሩት፤ ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር የሥራው ግማሽ ነው። ከዚያ እርስዎ ባቄላ ከክብሪት ቀፎው ሥር ደብቀው «ብርቱካኑም በትልቁ ቤት እንዲሁ ተደብቋል፤ ፈልገህ አምጣው» ይበሉት። ልጁ ሮጦ ወደ አልጋው ሥር ከሄደ ትንሹ ነገር የትልቁ ምልክት መሆኑ ገብቶታል፤ ካርታ የማንበብ ችሎታ የሚበቅለው ከዚህ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጁዲ ዴሎሽ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመችው ሙከራ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጨዋታ ለሕፃናት አቅርባ ነበር። ሦስት ዓመት ያለፋቸው ልጆች የተደበቀውን በቀላሉ ሲያገኙ፣ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ የሆናቸው ግን ትንሹ መጫወቻ የት እንደተደበቀ እያስታወሱ እንኳ ትልቁን ማግኘት አልቻሉም። እንግዲህ የሴት ልጅዎ ጉዳይ በዚሁ መልስ ያገኛል። አብራ ትጫወት፤ ጭቃ ትለውስ፤ ውኃ ታፍስስ፤ ነገር ግን ከአምሳያው ወደ ቤቱ እንድትሻገር አይጠብቁባት፤ ወንድሟ አገኘ እርሷ አላገኘችም ተብሎም እንዳትነጻጸር። ከጥቂት ወራት በኋላ ማንም ሳያስተምራት ታገኘዋለች።

ቤቱ ሲለመድ ግቢውን፣ ከግቢው ቀጥሎ እስከ ሱቅ ያለውን መንገድ ይጨምሩ። ትሪው ሲጠብ ካርቶን ይዘርጉና መንገዱን በከሰል ይሳል። ሥዕሉ የተዛባ ይሆናል፤ አያርሙለት። ይልቅ ሥዕሉን ይዛችሁ በዚያው መንገድ ሂዱና የረሳው ነገር ካለ ራሱ አይቶ ይጨምርበት። ካርታ ከላይ የታየ ነገር ሥዕል መሆኑን ለማስረዳት ስኒ ወረቀት ላይ ደፍቶ ዙሪያውን መሳል ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ የደሴ ልጅ ግን ከዚህም የተሻለ ዕድል አለው። ወደ ጦሳ ጥቂት ወጣ ብሎ ቁልቁል ሲመለከት የቤቱን ጣራ፣ አስፋልቱን፣ የመስጊዱን ሚናራና የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ከላይ ያያቸዋል። ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ይህን የሚያገኘው ከፎቶግራፍ ብቻ ነው። ካርቶኑን ይዛችሁ ውጡና እዚያው ተቀምጦ ይሳል።

ከሁሉም ሥራዎች አብልጬ ለልጅዎ የምመክረው የጭቃና የውኃ ሥራ ነው። በሰፊ ሳፋ ውስጥ አፈር በውኃ ለውሶ ጦሳን ይሥራ፤ በማግሥቱ ጭቃው ሲጠነክር ከአናቱ ላይ በጆግ ውኃ ያፍስስ። ከማፍሰሱ በፊት «ውኃው በየት በኩል የሚወርድ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁትና በገመተው መንገድ ላይ ክር ይዘርጋ። ይህ ግምት ከሌለ ሥራው ውኃ መርጨት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ግምት ካለ ግን ልጁ ክሩንና ውኃውን እያነጻጸረ ምክንያቱን ይፈልጋል። በሌላ ቀን የተራራውን አንዱን ጎን ሥር ባለው ሣር ይሸፍን፣ ሌላውን ባዶ ይተው፤ ከሁለቱም ጎን የወረደውን ውኃ በሁለት ብርጭቆ ቀድታችሁ ቀለሙን ተመልከቱ። ከባዶው ጎን የወረደው ይደፈርሳል። ከዚያ በባዶው ጎን ላይ በጠጠር እርከን ይሥራና እንደገና ያፍስስ። አፈሩ ከእርከኑ ጀርባ ተይዞ ሲቀር ያየ ልጅ፣ በቀጣዩ ጉዞ ከመኪና መስኮት የወሎን ተራራዎች ሲያይ በላያቸው የተሠራው የድንጋይ መስመር ምን እንደሆነ ለእርስዎ የሚነግርዎት እርሱ ይሆናል።

እርስዎ ራስዎ የውኃውን መንገድ ቢያውቁት ለጨዋታው አቅጣጫ ይሰጣል። ቦርከና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ በጨፋ ሜዳ አልፎ፣ በመጨረሻ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከደሴ በስተ ምዕራብ በሚገኘው ደጋ ላይ የዘነበው ግን ወደ በሽሎ ወንዝ ወርዶ ዓባይን ይቀላቀልና ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። ይህን ሁሉ ለአራት ዓመት ልጅ መዘርዘር አያስፈልግም። በሳፋው ውስጥ ረዘም ያለ ሸንተረር ሠርቶ፣ ከግራና ከቀኝ ጎድጓዳ ሳሕን አስቀምጦ፣ ከጀርባው ላይ ውኃ ሲያፈስ ግማሹ ወደዚህ ግማሹ ወደዚያ መውረዱን ማየቱ ይበቃዋል። ክረምት ሲገባም በግቢያችሁ ያለው የዝናብ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ጃንጥላ ይዛችሁ እስከ ቦዩ ድረስ ተከተሉት። ስለ ቦርከና ለጠየቁኝ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

አቅጣጫን በተመለከተ ወሎ ለልጆች የሰጠችውን ሀብት ብዙ ወላጆች አያስተውሉትም። ምሥራቅ «ሠረቀ»፣ ምዕራብም «ዐረበ» ከሚሉት የግእዝ ቃላት የመጡ ናቸው፤ አንዱ መውጣትን፣ ሌላው መግባትን ይናገራል። ጠዋት ፀሐይ የምትወጣበትን፣ ማታ ከጦሳ ጀርባ የምትገባበትን ያየ ልጅ ሁለቱን አቅጣጫዎች ያዘ ማለት ነው። ክርስቲያን ምእመናን ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ይጸልያሉ። ሙስሊም ሰጋጆች ወደ መካ ይዞራሉ፤ ደሴና መካ ሁለቱም በ39ኛውና በ40ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ መካከል ስለሚገኙ ቂብላው ከደሴ ሲታይ ሰሜን ነው ለማለት ይቻላል። ከሁለቱም ወገን ዘመድ ያለው የወሎ ልጅ እንግዲህ ምሥራቅን ከአንዱ አያቱ፣ ሰሜንን ከሌላው አያቱ ሊማር ይችላል። ግቢ ውስጥ ዘንግ ተክላችሁ ጥላው ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ የሚያርፍበትን በጠጠር ምልክት ማድረግም ደስ የሚል ሥራ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። ከውጭ የተተረጎሙ መጻሕፍት የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላሉ፤ ይህ ለአውሮፓ እውነት ነው፣ ለእኛ ግን አይደለም። ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት ገደማ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር ከአናታችን በስተ ሰሜን ታልፋለች፤ ጥላውም ወደ ደቡብ ይወድቃል። ልጁ መጽሐፉ የሚለውን ሳይሆን ጠጠሩ የሚያሳየውን ይመን። ፀሐይዋን ራሷን በቀጥታ እንዳያይ ግን አጥብቀው ይከልክሉት።

የወቅቶችም ነገር እንደዚሁ ነው። በረዶ የለበሰ ዛፍና ቅጠሉ ቀልቶ የሚረግፍ ዛፍ ያለበትን የአራት ወቅት ሥዕል ለጊዜው ይተዉት። የሚያየው ክረምትን፣ በጋንና የበልግን ዝናብ ነው፤ የወሎ ገበሬም በበልግ የሚዘራበት አካባቢ ስላለ የበልግ ነገር በቤታችሁ መወራቱ አይቀርም። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ የሚሉትን ደግሞ በአንድ የመኪና ጉዞ ማስተማር ይቻላል። ከደሴ በሐረጎ በኩል ኮምቦልቻ ስትደርሱ 600 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚለያይ ልዩነቱ በሰውነት የሚታወቅ ነው። ደሴ ሲነሳ ሹራብ ይልበስ፤ በየትኛው ጠመዝማዛ ላይ «ሞቀኝ፣ አውልቁልኝ» እንደሚል ይጠብቁ። ጉዞው እስከ ባቲ ከቀጠለና ሰኞ ከሆነ ገበያውን፣ ግመሉንና ከአፋር ቆላ የመጣውን ሰው ያያል። ጉዞ ባይመቻችሁ የደሴ ገበያ ይበቃል፤ ገብሱና ባቄላው ከደጋ፣ ማሽላው ከቆላ መምጣቱን ሻጮቹን ራሱ ይጠይቃቸው። ወደ ቤት ስትመለሱ እህሉን በሦስት ሳሕን ለይቶ ከጭቃ ተራራው አናት፣ ወገብና ግርጌ ያስቀምጥ።

ከጉዞዎቹ ሁሉ የሚበልጥብኝ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚደረገው ነው፤ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የሕፃናት ቤት የከፈተችው ማሪያ ሞንቴሶሪ ትታ ባለፈችው ዘዴ የመሬትና የውኃ ቅርጾች በጥንድ ይቀርባሉ፤ በአንዱ ዕቃ መካከል መሬት ሆኖ ዙሪያውን ውኃ ይከበዋል፣ በሌላው መካከሉ ውኃ ሆኖ ዙሪያው መሬት ነው። አንዱ ደሴት ነው፣ ሌላው ሐይቅ። በሁለት ጎድጓዳ ሳሕንና በጭቃ ይህን ቤት ውስጥ ሠርታችሁ ሐይቅ ብትወርዱ፣ ልጁ ትልቁን ሐይቅ ከሳሕኑ ጋር ያስተያያል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ ቀድሞ ደሴት የነበረ ሲሆን አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ ስለዚህ በሳሕኑ ውስጥ ጭቃ ጨምሮ ደሴቱን ከዳር ሲያገናኘው ባሕረ ገብ ምድር ይሆናል። ይህን ረጅም ስም ካልያዘው አያስጨንቁት። ደሴትና ደሴ የሚሉት ቃላት ቢምታቱበትም አይገረሙ፤ የከተማችን ስም ከደስታ ጋር የተያያዘ ነው እየተባለ እንደሚነገር ይንገሩትና ይለፉት።

ሉል አሁን አይግዙ። ሉል የሚጠቅመው ልጁ ትንሽ ነገር የትልቅ ምልክት መሆኑን በቤቱና በሰፈሩ ከለመደ በኋላ ነው። ያን ጊዜም አሮጌ ኳስ ላይ ውኃውን ሰማያዊ ቀብታችሁ በየብሱ ላይ አሸዋ በሙጫ ብትለጥፉ፣ ሻካራውና ለስላሳው በጣቱ ይለይለታል፤ የሞንቴሶሪ የመጀመሪያው ሉልም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። የአገሮች ድንበርና ባንዲራ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ቪዲዮውም ቢሆን ያልነካውን ነገር አይተካም፤ የነካውን ነገር ለማስታወስ ግን ያግዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት በቀን ከ1 ሰዓት ያልበለጠ የስክሪን ጊዜን ይመክራል፤ ከዚያ ቢቀንስ ደግሞ ይሻላል ይላል። በልጅዎ ዕድሜ ለማስጠናት ብሎ ማስቀመጥ አያስፈልግም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሀያ ደቂቃ ያህል፣ ልጁ ሲሰለች የሚቆም ሥራ ይበቃል፤ በጭቃው ተመስጦ አንድ ሰዓት ከቆየም ይተዉት።

ጥንቃቄዎቹን ላስጠንቅቅ። ትንሿ ልጅ ባለችበት ባቄላ፣ ምስር፣ ጠጠርና ቆርኪ በእርስዎ እጅ ይቆጠር፤ ወደ አፏ ከገባ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ውኃ ያለበትን ሳፋ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ትተው አይሂዱ፤ ሕፃን በጥልቅ ውኃ ብቻ አይሰጥምም፣ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃም ሊሞት ይችላል። በክረምት ወደ ቦርከና ዳር ልጅ ይዞ መቅረብ አይገባም፤ ጎርፉ ከላይ በዘነበ ዝናብ ድንገት ይመጣልና። ከጭቃ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደረሰባቸው አካባቢዎች ድንጋይ ስትለቅሙ ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ካያችሁ ማንም እንዳይነካው፤ ራቁና ለፖሊስ አሳውቁ። ሊያሳስብዎ የሚገባው ነገር ልጁ የከተማን ቦታ መሳቱ ሳይሆን፣ «ከጠረጴዛው ሥር አምጣልኝ» ዓይነት ቀላል ትእዛዝ በተደጋጋሚ የማይገባው ወይም ቀድሞ ይናገራቸው የነበሩ ቃላት የጠፉበት እንደሆነ ነው፤ እንዲህ ካለ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

ምክሬ ይህ ነው፦ የግድግዳውን ካርታ ዛሬ አውርደው ይጠቅልሉትና ለስድስት ወር ያስቀምጡት። በእነዚህ ወራት የቤቱን ትሪ፣ የሰፈሩን ካርቶንና የጭቃውን ጦሳ በዚህ ቅደም ተከተል ይሥራ፤ አንዱ ሳይለመድ ወደሚቀጥለው አይለፉ። የዋና ከተሞቹን ጨዋታ እንግዳ ሲመጣ ይጫወት፣ እርስዎ ግን አዲስ አይጨምሩበት። ካርታው ሲመለስም ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ ወለል ላይ ይዘርጉት፣ ሰሜኑን ወደ ሐይቅ መንገድ ያዙሩት፣ ኢትዮጵያን አብራችሁ ፈልጉና ደሴ ያለችበት ላይ አንዲት ምስር ያስቀምጥ።